የማደጎ ልጅ ዕዳ አለባትን?

አንድን መጽሐፍ አራት ሰዎች ተቀባብለው ካነበቡት በኋላ አራቱም በአንድ ቃል «ጥሩ ነው» ቢሉ ስለ መጽሐፉ ብዙ የሚጻፍ ነገር አይኖርም። አራቱ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጠው፥ ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ሲከራከሩ ከዋሉ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰሞኑን በእኛ ዘንድ የሆነው ይኸው ነው። ክርክሩን ያስነሣችውም ሹም ወይም የእግር ኳስ ተጫዋች አይደለችም፤ ቀይ ጠጉርዋን በሁለት የጎነጎነች፥ ፊትዋ በጠቃጠቆ የተሞላ፥ እናትና አባት የሌላት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ስምዋ አን ሸርሊ ይባላል። በሥጋና በደም የኖረች ሳትሆን በመጽሐፍ ውስጥ ያለች ልጅ ናት።

መጽሐፉ «አን ኦቭ ግሪን ጌብልስ» ይባላል። ጌብል ማለት ባለ ሁለት ክፈፍ ጣራ ባለው ቤት ጫፍና ጫፍ ላይ በሦስት ማዕዘን የሚታየው ግድግዳ ነው፤ ያም አረንጓዴ ስለ ተቀባ ቤቱ በዚሁ ስም ተጠራ። ደራሲዋ ካናዳዊቱ ሉሲ ሞድ ሞንትጎመሪ ስትሆን፥ መጽሐፉ በ1908 ዓ. ም. በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ታትሞ ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ብቻ 19,000 ያህል ቅጂ ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉሞ፥ ያነበቡት ሰዎች በብዙ ሚሊዮን ይቈጠራሉ። እኛ ዘንድ የደረሰው ቅጂ ሽፋኑ የተገነጠለ፥ ጠርዙ በሙጫ የተጣበቀ አሮጌ ነበር።

ታሪኩ በአጭሩ

መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ነገሩን ባጭሩ ልንገር። በካናዳ ምሥራቅ፥ ፕሪንስ ኤድዋርድ በተባለች ደሴት፥ አቮንሊ በምትባል የገጠር መንደር፥ ማቲውና ማሪላ ከዝበርት የተባሉ ወንድምና እኅት ይኖራሉ። መንደሪቱ ደራሲዋ የፈጠረቻት ስለሆነች በካርታ ላይ አትገኝም። ወንድምና እኅቱ አላገቡም፤ ልጅም የላቸውም። ማቲው ዕድሜው ስድሳ ደርሶ ልቡ መድከም ጀምሯል። ስለዚህ በእርሻው ሥራ የሚያግዝ አንድ ወንድ ልጅ ከእጓለ ማውታ ማሳደጊያ እንዲመጣላቸው በሰው በኩል ይልካሉ።

ማቲው ልጁን ሊቀበል በጋሪ ወደ ባቡር ጣቢያ ሲሄድ ግን የምትጠብቀው ሴት ልጅ ሆና ተገኘች። መልእክቱ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ተሳስቷል። ማቲው ዓይነ አፋር፥ በተለይም ሴት ፊት ቃል የማይወጣው ሰው ነው። ልጅቱ ደግሞ አፍዋ አያርፍም። ስለ አበባው፥ ስለ ኵሬው፥ ስለ ጠጉርዋ መቅላት እያነሣች እስከ ቤት ድረስ ስታወራለት፥ ሽማግሌው ሳያውቀው ወደዳት።

የልጅቱ ያለፈ ኑሮ ግን የሚወራ አልነበረም። እናትና አባትዋ ሁለቱም አስተማሪዎች ነበሩ፤ ሦስት ወር ሲሆናት በንዳድ ተከታትለው ሞቱ። ዘመድ የሚባል የሚወስዳት ስላልተገኘ አንዲት ድኻ ሴት ወሰደቻት፤ ልጆች ስትጠብቅላት አደገች። ከዚያም ሦስት ጊዜ መንታ ወደ ወለደች ሌላ ሴት ቤት ተላለፈች፤ እዚያም ሕፃን ስታዝል ኖረች። በመጨረሻ የሚፈልጋት ሲጠፋ ወደ ማሳደጊያው ገባች። ትምህርት ያገኘችው በየመካከሉ ትርፍ ጊዜ ሲገኝ ብቻ ነበር።

ማሪላ «የታዘዘው ወንድ ነው» ብላ በማግሥቱ ልትመልሳት ይዛት ሄደች። በዚያም አንዲት ሌላ ሴት ሕፃናትዋን የምትጠብቅላት ልጅ ትፈልግ ነበርና ትውሰዳት ተባለ። ሴትዮዋ በንፉግነትና ሠራተኛ በማሠቃየት የታወቀች ናት። ልጅቱን ከእግር እስከ ራስዋ አየቻት፤ ምግብዋን በላብዋ እንደምታገኝም ነገረቻት። ማሪላ ይህን ሰምታ የልጅቱንም ፊት ካየች በኋላ፥ ገና አልቈረጥንም ብላ ይዛት ተመለሰች። በእኔ አስተያየት የመጽሐፉ ትልቁ ገጽ ይህ ነው፤ ማሪላ በዚያ ቀን ስለ ፍቅር አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ልጅቱን ይዛ ወደ ቤትዋ ከመመለስ በቀር ያደረገችው ነገር የለም።

ከዚያ ወዲያ ያለው የሚያስቅ ነው። አን ለባልንጀራዋ ለዳያና የፍሬ ጭማቂ የሰጠች መስሏት ወይን ጠጅ ታጠጣታለች፤ ጠጉርዋን ጥቁር ላድርግ ብላ አረንጓዴ ታደርገዋለች፤ በቀይ ጠጉርዋ የቀለደባትን ጊልበርት የተባለ ልጅ በጽሕፈት ሰሌዳዋ ራሱን ትመታዋለች። ዓመታት ያልፋሉ፤ አን ጐበዝ ተማሪ ትሆናለች። የመምህርነት ትምህርትዋን ጨርሳ በእንግሊዝኛ ቋንቋ አንደኛ ስለ ወጣች፥ ለአራት ዓመት በየዓመቱ 250 ዶላር የሚከፈልበት የኮሌጅ ነፃ ትምህርት ታገኛለች።

ደስታው ሳይበርድ መከራው ደረሰ። ገንዘባቸው ሁሉ የተቀመጠበት ባንክ መክሰሩን ማቲው በጋዜጣ ባነበበበት ቅጽበት ልቡ ቆሞ ወድቆ ሞተ። የማሪላ ዓይንም ታሞ፥ ካልተጠነቀቀች ጨርሶ ሊጠፋ እንደሚችል ሐኪም ነገራት። ማሪላ ብቻዋን መኖር ስለማትችል ቤቱን ልትሸጠው አሰበች። ያን ጊዜ አን ያገኘችውን ነፃ ትምህርት ትታ፥ በመንደሩ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆና ከማሪላ ጋር ለመኖር ቈረጠች። ማሪላ እንዲህ ያለውን መሥዋዕትነት አልቀበልም ብትልም አን አልሰማቻትም።

የእኛም ክርክር ከዚህ ላይ ተነሣ። አን ደግ አደረገችን?

ሻይ ቤት የተሰማው

መጽሐፉን ያመጣው በሒሳብ ክፍል የሚሠራ ባልደረባዬ ነው፤ ክርክሩንም የጀመረው እሱ ነው። «አን ተሳስታለች» አለ። «በዓመት 250 ለአራት ዓመት አንድ ሺህ ዶላር ነው። በዚያ ዘመን አንድ ሺህ ዶላር ቀልድ አይደለም። ይህን ያህል ዕድል አንድ ጊዜ ካለፈ አይመለስም። ደግሞስ ማሪላን በደንብ መርዳት የምትችለው ተምራ ትልቅ ደመወዝ ስታገኝ ነው ወይስ የገጠር አስተማሪ ሆና ስትቀር? አሳድጌሃለሁ ማለት ገዝቼሃለሁ ማለት አይደለም። ያሳደገን ሰው ሁሉ በወጣትነታችን እንድንከፍለው ከሆነ፥ ደግነት የተባለው ነገር ንግድ ሆነ ማለት ነው።»

ይህን ሲሰሙ በመዝገብ ቤት የሚሠሩ፥ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው አንድ ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። መጽሐፉን በሁለት ሌሊት የጨረሱት እሳቸው ነበሩ። «አንተ የምትቈጥረው ገንዘቡን ነው» አሉት። «ያቺ ልጅ እኮ እንደ መዝገብ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ስትተላለፍ የኖረች ናት። በአሥራ አንድ ዓመትዋ ነው ‹ይህ ቦታሽ ነው› የተባለችው። ቤቱ ቢሸጥ ከኮሌጅ ስትመለስ ወዴት ልትመለስ ነው? አንተ ዕዳ ከፈለች ትላለህ፤ ለእኔ ግን ቤትዋን አዳነች። ልጅቱ ለማሪላ ብላ ብቻ አልቀረችም፤ ለራስዋም ብላ ነው የቀረች።»

አራተኛዋ አንባቢ የጎረቤታችን ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። እስዋ ደግሞ ሁለቱንም አልተቀበለችም። «ጋሼ፥ እርስዎ መጨረሻውን ነው የሚያዩት፤ እኔ ግን መጀመሪያውን ልጠይቅዎ» አለች። «እነ ማሪላ ልጅ አይደለም የፈለጉት፤ ሠራተኛ ነው። ሰው እንደ ዕቃ ታዞ የተሳሳተው ቢመጣ ሊመለስ ነበር። አን ጐበዝ፥ አንደበተ ርቱዕ፥ የምታስቅ ስለሆነች ቀረች። አንደበት የሌላት፥ ትምህርት የማይገባት፥ ዝም የምትል ልጅ ብትሆንስ ኖሮ? ወደዚያች ክፉ ሴት ቤት ትሄድ ነበር። እናት አባት ያለው ልጅ ለመወደድ ፈተና አያልፍም፤ እጓለ ማውታ ብቻ ለምን ፈተና ይቀመጣል? እኔ መጽሐፉን እወደዋለሁ፤ ግን እንደ አን መናገር የማይችሉት ልጆች ነገር ያሳዝነኛል።»

ይህን ስትናገር ዓይንዋ ደጋግሞ ወደ እኔ ይመለከት ነበር። እኔ ግን በዚያ ቀን ምንም አልተናገርሁም። ለምን እንዳልተናገርሁ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሌሎች አንባቢዎች ምን አሉ?

ነገሩ እረፍት ስለ ነሳኝ፥ ከእኛ በፊት መጽሐፉን ያነበቡት ምን እንዳሉ መፈለግ ጀመርሁ። ክርክሩ ከእኛ ጋር አልተወለደም።

መጽሐፉ በወጣበት ዓመት የአሜሪካው ታላቅ ደራሲ ማርክ ትዌይን በሰባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ሽማግሌ ነበር። ለሞንትጎመሪ ደብዳቤ ጽፎ፥ አንን «አሊስ በተአምር ዓለም» ከተባለው መጽሐፍ ልጅ ወዲህ ከተጻፉት ልጆች ሁሉ ይልቅ የምትወደድ ናት ብሎ አመሰገነ። በዚያው ዓመት የአንድ ትልቅ የኒውዮርክ ጋዜጣ ሐያሲ ግን ልጅቱ ከልክ በላይ እንግዳ ናት፤ ትምህርት ቤት ጥቂት ብቻ የቈየች ልጅ ይህን ሁሉ ቃል ከየት አመጣችው ብሎ ነቅፏል። እንግዲህ መጽሐፉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለት ዓይነት አንባቢ ነበረው ማለት ነው።

ስዊድናዊቱ የልጆች መጻሕፍት ደራሲ አስትሪድ ሊንድግሬን አንን በልጅነትዋ አንብባ እጅግ እንደ ወደደቻት ተናግራለች። ኋላም በ1945 ዓ. ም. እርስዋ ራስዋ ቀይ ጠጉር ያላትን፥ ያለ ወላጅ ብቻዋን የምትኖረውን ፒፒን ለዓለም ሰጠች። ካናዳዊቱ ማርጋሬት አትውድ ደግሞ መጽሐፉ መቶ ዓመት በሞላው በ2008 ዓ. ም. በጻፈችው ጽሑፍ፥ በታሪኩ ውስጥ በእውነት የተለወጠችው አን ሳትሆን ማሪላ ናት ብላለች። አን ቁመትዋ ይጨምራል እንጂ ልብዋ ያው ነው፤ ፍቅርን መናገር የተማረችው ግን ደረቅዋ ማሪላ ናት። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው «ትክክል ነው፤ ያደገችው አሮጊቲቱ ናት» ብለው ሳቁ።

የሚያስደንቀው የጃፓን አንባቢዎች ነገር ነው። በ1939 ዓ. ም. ጦርነቱ እየቀረበ ሲሄድ፥ አንዲት ካናዳዊት ሚሲዮናዊት ከጃፓን ስትወጣ መጽሐፉን ለወዳጅዋ ለሀናኮ ሙራኦካ ትታላት ሄደች። ሙራኦካ እንግሊዝኛ የጠላት ቋንቋ በተባለበት በጦርነቱ ዘመን፥ መጽሐፉን ቤትዋ ተቀምጣ በድብቅ ተረጐመችው። ትርጕሙ በ1952 ዓ. ም. «ቀይ ጠጉርዋ አን» በሚል ስም ታተመ። ጃፓን በዚያን ጊዜ ከተሞችዋ የተቃጠሉባት፥ ወላጆቻቸው በጦርነት ያለቁባቸው ሕፃናት የሞሉባት አገር ነበረች። የሰው እጅ የምታይ ልጅ ዛፍና መንገድ እያየች ስትደሰት ማንበብ ለዚያ ዘመን ወጣቶች ምን ያህል መጽናኛ እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም። በ1979 ዓ. ም. ታሪኩ በሥዕል ፊልም ሆኖ በጃፓን ቴሌቪዥን ታየ። እስከ ዛሬም ድረስ ብዙ ጃፓናውያን ያን ባለ አረንጓዴ ጌብል ቤት ለማየት ወደ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ይጓዛሉ። ቤቱ የደራሲዋ ዘመዶች ቤት የነበረ ሲሆን፥ አሁን በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል።

የጎረቤታችን ልጅ ያነሣችው ነገርም ባዶ አልሆነም። ከ1869 ዓ. ም. ጀምሮ እስከ 1930ዎቹ ዓመታት ድረስ ከመቶ ሺህ የማያንሱ የእንግሊዝ አገር ድኻ ልጆች በመርከብ ወደ ካናዳ ተልከዋል። ከእነርሱም ብዙዎቹ እጓለ ማውታ አልነበሩም፤ ድህነት የነጠላቸው እናት ወይም አባት ነበሩአቸው። ወንዶቹ ለእርሻ፥ ሴቶቹ ለቤት ሥራ ተሰጡ። እንደ ልጅ የታዩ አሉ፤ እንደ ከብት የታዩም አሉ። ማሪላ ራስዋ ከእነዚህ ልጆች አንዱን እንውሰድ ሲባል አልፈልግም ማለትዋ በመጽሐፉ ተጽፏል። የካናዳ መንግሥት 2010 ዓ. ም. የእነዚህ ልጆች መታሰቢያ ዓመት እንዲሆን አደረገ፤ በዚያው ዓመት የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ወደ ባሕር ማዶ ስለ ተላኩት ልጆች በፓርላማ ይቅርታ ጠየቁ። እንግዲህ አን ዕድለኛ ናት፤ ዕድለኛ ያልነበሩት ግን ብዙ ናቸው።

ደራሲዋ ራስዋ ምን አደረገች?

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን የደራሲዋ የራስዋ ኑሮ ነው። ሞንትጎመሪ በ1874 ዓ. ም. በዚያችው ደሴት ተወለደች። ሁለት ዓመት ሳይሞላት እናትዋ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። አባትዋ ለእናትዋ ወላጆች ሰጥቷት ኋላ ወደ ምዕራብ ካናዳ ሄደ። ስለዚህ አባት እያላት ያለ አባት፥ በጥብቅ አያቶች ቤት፥ ካቬንዲሽ በተባለ መንደር አደገች።

መምህርት ሆነች። በ1895 ዓ. ም. ኮሌጅ ገብታ አንድ ዓመት ተምራ፥ ለቀረው የሚሆን ገንዘብ ስላልነበራት ትምህርትዋን ሳትጨርስ ተመለሰች። በ1898 ዓ. ም. አያትዋ ሲሞቱ ቤቱን በኑዛዜ ለልጃቸው ተዉት። ሞድ የማስተማር ሥራዋን ትታ ባትመለስ ኖሮ፥ ሴት አያትዋ የኖሩበትን ቤት መልቀቅ ነበረባቸው። ተመለሰች። በ1901 ዓ. ም. ሃሊፋክስ ከተማ ለጋዜጣ ለመሥራት ሄዳ ከቈየችባቸው ጥቂት ወራት በቀር፥ አያትዋ በ1911 ዓ. ም. እስኪሞቱ ድረስ አብራቸው ኖረች። በ1906 ዓ. ም. የታጨችለት ሰው አምስት ዓመት ጠብቋታል፤ ያገባችውም አያትዋ በሞቱበት ዓመት ነው።

አንን የጻፈችው በዚያ ቤት ነው። በቤቱ ውስጥ የመንደሩ ፖስታ ቤት ስለ ነበር፥ የእጅ ጽሑፍዋን ማንም ሳያውቅ ለአሳታሚዎች ትልክ ነበር፤ አንቀበልም የሚለው መልስም ሲመለስ ማንም አላየባትም። አሳታሚዎች ደጋግመው ስለ መለሱላት ጽሑፉን የባርኔጣ ማስቀመጫ ሣጥን ውስጥ ከታ ተወችው። ከጊዜ በኋላ አግኝታ አንብባው እንደ ገና ስትልከው ነው ተቀባይ ያገኘው።

እንግዲህ አን የቀረችው ደራሲዋ ስለቀረች ይሆንን? እንዲህ ብዬ ላበቃ ስል አንድ ሌላ ነገር አገኘሁ። ሞንትጎመሪ በ1917 ዓ. ም. ስለ ሥራዋ በጻፈችው ታሪክ፥ ብዙ አንባቢዎች በማቲው ሞት እንዳዘኑባት ገልጣ፥ እርስዋም እንደምትጸጸትበትና መጽሐፉን እንደ ገና የምትጽፈው ቢሆን ማቲውን ጥቂት ዓመታት እንደምታቈየው ተናግራለች። ታዲያ ለምን ገደለችው? አን ራስዋን መሥዋዕት የምታደርግበት ምክንያት እንዲገኝ መሞት ያለበት መስሏት እንደ ነበር ነው የገለጠችው። ስለዚህ ደራሲዋ ራስዋ ያን መጨረሻ ከጻፈችው በኋላ ተጠራጥራዋለች። ለሒሳብ ክፍሉ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው ጠረጴዛውን መትቶ «አላልሁም?» አለ። እኔ ግን አሁንም ዝም አልሁ።

የአክስቴ ፍርድ

ዝም ያልሁበትን ምክንያት አሁን ልንገራችሁ። እኔ እናትና አባቴን በልጅነቴ ያጣሁ፥ በአክስቴ እጅ ያደግሁ ሰው ነኝ። አክስቴ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ አስተማሩኝ። ዛሬ ጉልበታቸው ታሞ ከቤት ብዙ አይወጡም። እኔ ደግሞ በሌላ ከተማ የሁለት ዓመት ትምህርት እንደ ተፈቀደልኝ የሚገልጥ ደብዳቤ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ደብዳቤው በኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። ለማንም አልተናገርሁም። ስለ አን ሲከራከሩ ስለ እኔ የሚከራከሩ ስለ መሰለኝ ነበር አፌ የተያዘው።

በመጨረሻ ታሪኩን ለአክስቴ ልንገራቸው ብዬ አሰብሁ። ማንበብ አይችሉም፤ ተረት ማዳመጥ ግን ይወዳሉ። በሁለት ማታ ነገርኋቸው። የጠጉርዋ አረንጓዴ መሆን ዕንባቸው እስኪመጣ አሳቃቸው፤ ማቲው ሲሞት ጊዜ «ነፍሱን ይማረው» አሉ። ልጅቱ ትምህርትዋን ትታ ቀረች ስላቸው ጥቂት ዝም ብለው ቈዩ።

«ደግ አደረገች» አሉ።

ልቤ ወረደ። እውነቱን ለመናገር ደስም አለኝ፥ አዘንሁም።

«ሴትዮዋ ግን ሞኝ ናት» ብለው ቀጠሉ።

«ለምን፥ እትዬ?»

«ያች በሰው ነገር የምትገባው ጎረቤትዋ ማን አልኸኝ?»

«ሬቸል።»

«አዎ፥ እስዋ። ሁለት ሴት ወይዘሮ በሁለት ቤት ሁለት እሳት ከሚያነዱ ለምን አንድ ላይ አይገቡም?»

«ሬቸል ባል አላት፥ እትዬ።»

«እንግዲያው ባልዋ እስካለ ልጅቱ ትቈይ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አብረው ይኑሩ፥ ልጅቱም ትምህርትዋን ትማር። ጎረቤት የተፈጠረ ለምንድን ነው? ሴትዮዋ እኮ ልጅቱን እንቢ ከምትል ቀደም ብላ ደጃፍ መምታት ነበረባት።»

«ታዲያ ያሳደገቻትስ ዕዳ የለባትም ይላሉ?»

አክስቴ ሳቁ። «እኔ ጽሕፈት አላውቅ፤ ዕዳህን ከየት ላይ መዝግቤ ልያዝብህ?» አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ሳይለውጡ «ይልቅስ ትምህርቱ መቼ ነው የሚጀመረው?» ብለው ጠየቁኝ።

ደነገጥሁ። «የምን ትምህርት?» አልሁ።

«ኮትህን የማጥበው እኔ ነኝ። ፊደል ባላውቅ ማኅተም አውቃለሁ። የጎረቤታችን ልጅ አነበበችልኝ። እናትዋም እኔ ዘንድ እያደረች አብረን ልንሰነብት ተነጋግረናል። አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው።»

የጎረቤታችን ልጅ በዚያ ቅዳሜ ለምን ወደ እኔ ትመለከት እንደ ነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለተኛውን መጽሐፍ ፈልጌ አነበብሁ። በ1909 ዓ. ም. የታተመ ነው። አን ሁለት ዓመት በመንደሩ ካስተማረች በኋላ፥ የሬቸል ባል ይሞታል፤ ሬቸልም ከማሪላ ጋር አብራ ለመኖር ወደ አረንጓዴው ቤት ትገባለች። አን ኮሌጅ እንድትሄድ መንገዱ ይከፈታል፤ በ1915 ዓ. ም. በወጣው ሦስተኛ መጽሐፍም ትምህርትዋን ትፈጽማለች። ማሪላ ደግሞ በዚያው በሁለተኛው መጽሐፍ የሩቅ ዘመድ የሆኑ እናታቸው የሞተችባቸው መንታ ልጆች ተቀብላ ታሳድጋለች፤ በዚህ ጊዜ ግን ለእርሻ ይጠቅሙኛል ብላ አልነበረም። አክስቴ አንድ ገጽ ሳያነቡ ደራሲዋ የደረሰችበት ደርሰዋል።

ይህን ሁሉ ለሻይ ቤቱ ጓደኞቼ ነገርኋቸው። ጋሼ «አየህ፥ መቅረትዋ ልክ ነበር» አሉ። የሒሳብ ክፍሉ ባልደረባዬ «አየህ፥ መሄድዋ ልክ ነበር» አለ። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ሁለቱንም አይታ «ጥያቄው መቅረት ወይም መሄድ አልነበረም፤ ሸክሙን ለአንዲት ልጅ ብቻ መተው ነበር» አለች። ለእርስዋ ጥያቄ ግን፥ ዝም ለሚሉትና ማንም ለማይመርጣቸው ልጆች፥ ከአራታችን መልስ ያገኘ የለም። እናንተ ካገኛችሁ ጻፉልን።

እኔ ደብዳቤውን ሰኞ ጠዋት ፈርሜ መልሻለሁ። አሮጌውን መጽሐፍ አሁን የያዘችው የአክስቴ አዲስዋ የቤት ባልንጀራ ናት፤ ማታ ማታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብላቸዋለች። ትናንት ስገባ ስለ አረንጓዴው ጠጉር ደርሰው ነበር፤ አክስቴም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰሙት ሁሉ ይስቁ ነበር።